ከርሉ በሙላጊን ያለቅሳል

ሙላጊን፣ ሰሜን ቪክቶሪያ፣ አውስትራሊያ
ሜይ 12 ቀን 1910 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ከባሕር ማዶ ላለኸው ለአጎቴ የልጅ ልጅ፣ ለከዝበርት ሚልበርን። ይህች ወረቀት ስትደርስህ ጤናህ የተሟላ፣ የአባትህም ሕመም ቀለል ያለ ሆኖ ታግኝህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴን ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከእኔ በፊት የሚሰማው እሱ ነው።

መርከብህ ከሄደ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ በጭቃ ጫማ ምንጣፌ ላይ አትቁም እያልኩ ስጮህብህ ኖሬ፣ አሁን ንጹሕ ምንጣፌን እያየሁ ብቻዬን እቀመጣለሁ።

ስለ ስካውቶችህ ልንገርህ። ስትሄድ የሰጠኸኝ የሚሰበሰቡበትን መጋዘን ቁልፍ ብቻ ነበር። «አክስቴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይክፈቱላቸው፤ ሌላውን ራሳቸው ያውቁታል» ብለኸኝ ነበር። ራሳቸው የሚያውቁት ነገር ቢኖር መደባደብ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከፍቼላቸው ልመለስ ስል፣ ከቅቤ ፋብሪካው ጀርባ ሁለቱ በዚያ በረጅሙ የስካውት ዘንግ ሊፈላለጡ ሲሉ ደረስኩ። ስለዚህ ወንበር አምጥቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። በሚቀጥለው ሳምንት የምሠራውን ሹራብ ይዤ መጣሁ። ከዚያ በኋላ ሹራቡን እየረሳሁ ከእነሱ ጋር ቋጠሮ ስቋጥር እውላለሁ። የዳንክሊዎቹ ሆሪ፣ ትልቁ ልጅ፣ ላሞቹን አልቦ እንደጨረሰ እየሮጠ ይመጣና የስካውቱን መጽሐፍ ጮክ ብሎ ያነብልናል። የማያውቀው ቃል ሲገጥመው ያስልና ያልፈዋል። በዚህ ዓይነት ከመጽሐፉ እኩሌታው ሳል ነው።

አንድ ችግር ግን አለ። አንተ ከመጽሐፉ መርጠህ «የከርሉ ቡድን» ብለህ ስም አውጥተህላቸው የለ? መጽሐፉ ደግሞ ስካውቶች በጫካ ሲጠራሩ የቡድናቸውን ወፍ ድምፅ ያሰሙ ይላል። ልጆቹም ታዘዙ። ከርሉ ምን እንደሚል የሙላጊን ልጅ ይጠፋዋል? ሲመሻሽ በወንዙ ዳር ባሕር ዛፍ ሥር ሆኖ እንደ አልቃሽ የሚያላዝነውን ያንን ባለ ትልልቅ ዓይን ወፍ መሰሉት። ስምንቱ በአንድ ጊዜ ሲያለቅሱ ወይዘሮ ፓስኮ የያዘችውን ወተት ደፋችው። ከርሉ ቤት አጠገብ ካለቀሰ ሰው ይሞታል ባይ ናት። ባሏ አቶ ፓስኮ ደግሞ ከምሳ በኋላ አንዴ ከተኛ መሞቱና መኖሩ ስለማይለይ፣ ወፉ ባለቀሰ ቁጥር ሄዳ ትነካካዋለች። እሱም በእንቅልፉ እየተነካካ መሮታል።

ልጆቹ መቼ ትመጣለህ ይላሉ።

መሄጃህን ያቀና አምላክ መመለሻህንም ያቅናልህ።

አክስትህ ኦገስታ


ሃርቤክ፣ ኖርዘምበርላንድ፣ እንግሊዝ
ጁላይ 3 ቀን 1910

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣ ለወይዘሪት ኦገስታ ሚልበርን። ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ለጉልበትዎም ጭምር። እኛ ቤት እግዚአብሔር ይመስገን እንኑር እንጂ ደስታ የለም። አባቴ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል፤ የሚናገረውን ከእናቴ በቀር የሚለየው የለም። በጎቹን የምጠብቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ስለ ከርሉ የጻፉትን ለእናቴ ሳነብላት ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። አክስቴ፣ ከርሉ አያለቅስም። ያ የእናንተ ወፍ ስሙን ብቻ ነው የወሰደው። መጀመሪያ የሰፈሩት ሰዎች የአገራቸው ናፍቆት እያሳሳታቸው ያገኙትን ወፍ ሁሉ በአገራቸው ወፍ ስም ጠሩት። የእውነተኛው ከርሉ ምንቃር ረጅም ነው፤ እንደ ማጭድ ወደ ታች ይታጠፋል። ከቤታችን በላይ ባለው ረግረግ ሲበር ከዝቅታ ጀምሮ እየፈጠነ፣ እየቀጠነ ወደ ላይ ያፏጫል። የሰማው ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል እንጂ ወተት አይደፋም።

እንዴት አድርጌ ፉጨት በወረቀት እንደምልክልዎ አላውቅም። በጸሎት ቤቱ ሃርሞኒየም ከሶል ኖታ ተነሥተው እስከ ላይኛው ዶ ድረስ እያንሸራተቱ ቢደጋግሙት ይቀርበዋል። ልጆቹ የተሳሳተውን ይተዉና ይህን ይማሩ።

አደራዎን፣ ፈረሴን ጁኖን ማንም እንዳይጋልባት። አፏ ለልጓም ስስ ነው፤ የለመደችው የእኔን እጅ ነው። ኮርቻዬንም ቅባት ይቀቡልኝ። የበጎቹ ነገር መልክ ከያዘ ገናን ከእርስዎ ጋር እውላለሁ ብዬ አስባለሁ።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ከዝበርት


ሙላጊን
ኦክቶበር 2 ቀን 1910

ይድረስ ለምወድህ ለከዝበርት። ይህች ደብዳቤ የአባትህ ምላስ ተፈትቶ፣ የእናትህ ጀርባ ቀንቶ፣ አንተንም ሻንጣ ስታዘጋጅ ታግኝህ።

ልጆቹን በየስማቸው ስለጠየቅክልኝ አመሰግንሃለሁ። ደብዳቤህን ቅዳሜ አነበብኩላቸው። ሆሪ በመሪነቱ እንዲበረታ፣ ትንሹ ክሌምም ጨለማ እንዳይፈራ የመከርካቸውን ሲሰሙ ደስታቸውን ብታይ። ክሌም እንኳ ይድገሙልኝ አለ። ደገምኩለት።

ሃርሞኒየሙንም ሞከርነው። ስምንቱንም ጸሎት ቤት ወስጄ ከሶል ወደ ዶ ተንሸራተትኩ። ሰባኪው የታመመ አህያ የገባ መስሎት ዱላ ይዞ መጣ። እሱስ ይሁን፣ እኔን ያናደዱኝ ልጆቹ ናቸው። አፋቸውን ቆልፈው ተቀመጡ። ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ ብስኩትም አሳየኋቸው፤ አንዱ እንኳ አላፏጨልኝም። በመጨረሻ ሆሪ፣ «እኛ የምናውቀው የኛን ነው፣ ይሄኛው ይቆየን» ብሎ ባርኔጣውን አጠለቀና ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። የሙላጊን ልጅ ግትርነት ከበሬ ይብሳል።

አሁን ቁም ነገሩን ስማ። ከከተማው የስካውት ጽሕፈት ቤት ወረቀት መጣ። እያንዳንዱ ቡድን የታወቀ መሪ ይኑረው ይላል። መሪ የሌለው ይፈርሳል፤ ልጆቹም ባቡር ጣቢያው ከተማ ወዳለው ቡድን ይዛወራሉ። ያ ከተማ በፈረስ ግማሽ ቀን ነው፤ ጧት ማታ ላም የሚያልብ ልጅ እንዴት አድርጎ ነው ደርሶ የሚመለሰው? ቡድኑ ቀረ ማለት ነው። ቅዳሜዎቹም ቀሩ። ስለዚህ የመሪውን ስም ከዝበርት ሚልበርን ብዬ ጻፍኩ። ለገና ትመጣ የለ? ውሸት አልጻፍኩም።

ኮርቻህን ቀብቼዋለሁ። ጁኖ ሰው ሳይጋልባት ሣር እየጋጠች ከብዳለች። የክፍልህንም መጋረጃ አጥቤ ሰቀልኩት።

ልጆቹ መቼ ትመጣለህ ይላሉ።

እግዚአብሔር ባሕሩን ጸጥ ያድርግልህ።

አክስትህ ኦገስታ


ሃርቤክ
ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1911

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ። እንደምን አሉልኝ? መልሱን በማዘግየቴ እንደማይቀየሙኝ አምናለሁ። ገናም እንዲሁ አለፈ። አባቴ እንደዚያው ነው። በረዶው ከአጥር በላይ ሆኖ በጎቹን በአካፋ እየቆፈርን ነው ያወጣናቸው። እኛ እንዲህ ያለ ክረምት አይተን አናውቅም። ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን እጃችንን በሻይ ኩባያ እናሞቃለን።

ልጆቹን በየስማቸው ስለጠየቅክ ብለው አመስግነውኛል። መጻፌን አላስታውስም፤ በሥራ ብዛት ዘንግቼው ይሆናል። ደስ ካላቸው እሰየው።

ጁኖ ሥራ ፈትታ ከምትሰባ ሆሪ ይጋልባት። እጁ ለስላሳ ነው። ስለ መምጣቴ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

በጤና ያቆይልኝ።

ከዝበርት


ሙላጊን
ኤፕሪል 9 ቀን 1911

ይድረስ ለምወድህ ለከዝበርት። ከበረዶውም ከሐሳቡም ያውጣህ። ላባትህ ብርታቱን፣ ላንተም ትዕግሥቱን ይስጥህ።

ፖስታው ላይ ስሜን የጻፈው እጅ የአንተ አይደለም። ደስ የሚል ጽሕፈት ነው፤ የፊደሎቹ ጅራት ረዘም ረዘም ይላል። የእናትህም አይደለም፤ የእናትህን ጽሕፈት ከገና ካርዶቿ አውቀዋለሁ። ደግሞ በፊት «እኔ» ነበርክ፣ አሁን «እኛ» ሆነሃል። አንተና እናትህ ማለትህ ይሆናል። አልጠየቅኩህም።

ወሬ አለኝ። አጨዳው እንዳለቀ የፓስኮዎች ማሳ ላይ የቀረው ገለባ ተያያዘ። ወንዶቹ ሁሉ ስንዴ ጭነው ባቡር ጣቢያ ሄደዋል፤ የቀረነው ሴቶችና አቶ ፓስኮ ነን፣ እሱም ተኝቷል። የአንተን ፈቃድ ማን ይጠብቃል፤ ሆሪን ጁኖ ላይ አውጥቼ ሰው ጥራ ብዬ ሰደድኩት። ፈቃድህ በኋላ ሲደርሰኝ ብቻዬን ሳቅኩ። የቀሩት ልጆች ጆንያ ወንዝ ውስጥ እየነከሩ ተሰልፈው እሳቱን ጠርዝ ጠርዙን መቱት። ጭሱ እጅና እግራቸውን እንኳ አያሳያቸውም ነበር። ያን ጊዜ ከዚህም ከዚያም የከርሉ ለቅሶ ተሰማ። አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ይመልስለታል፤ ማን የት እንዳለ በለቅሷቸው ተዋወቁ። እኔ ዳር ቆሜ ድምፃቸውን እቆጥር ነበር። የክሌም ቀጭን ድምፅ ትንሽ ቢዘገይብኝ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ኋላ ጆንያውን እየጎተተ፣ ቅንድቡ አሮ መጣ።

ቤቱ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ፓስኮ የአንገት መሐረባቸውን የምትሰፋላቸው እሷ ናት። ልጆቹ ሳያለቅሱ ከዋሉ «ምነው ዛሬ፣ ታመሙ እንዴ?» እያለች ትልክብኛለች።

ደብዳቤህን ቅዳሜ አነበብኩላቸው። በበረዶው መሀል ሆነህ የከርሏቸው ለቅሶ እንደሚሰማህ፣ በሰማኸው ቁጥርም ሙላጊን እንደሚናፍቅህ የጻፍከው ጋ ስደርስ እርስ በርስ ተያዩ። ልባቸው ተነክቶ ነው።

ጽሕፈት ቤቱ በኦክቶበር ጎብኚ ልኬ መሪያችሁን በዓይኔ አያለሁ ብሏል። ሌላ ምንም አልለምንህም። መጽሐፍ አልፈልግም፣ ባንዲራ አልፈልግም። ለዚያች ቀን ብቻ ድረስልኝ። ከዚያ በኋላ ብትመለስም ልጆቹ ይኖራሉ።

ልጆቹ መቼ ትመጣለህ ይላሉ።

አንተን ያሰበ አምላክ እኛንም አይርሳን።

አክስትህ ኦገስታ


ሃርቤክ
ኦገስት 20 ቀን 1911

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ። እግዚአብሔር ያበርታዎ፤ ዛሬ የምጽፍልዎ ብርታት የሚጠይቅ ነው።

አባቴ በሜይ ወር መጨረሻ ዐረፈ። በጎቹም መሬቱም በእኔ ላይ ወደቁ። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ በጃንዋሪ፣ ኢሶቤል የምትባል የጎረቤታችንን ልጅ አግብቻለሁ። ፖስታው ላይ ያዩት ጽሕፈት የእሷ ነው። ሰርጉ ትንሽ ነበር። ልነግርዎ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ያጠቡት መጋረጃ ትዝ ይለኝና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ወንድ ልጅ እንዲህ መፍራቱ ነውር ነው።

አልመለስም፣ አክስቴ።

ያልጻፍኩትን ሰላምታ እንዳነበቡላቸው አሁን ገብቶኛል። ደብዳቤዎችዎን አንድ ላይ አድርጌ ደግሜ ሳነባቸው፣ እኔ የአንድ ልጅ ስም እንኳ በራሴ አንሥቼ እንዳልጠየቅኩ አየሁ። ሆሪን ያስታወስኩትም ለፈረሴ ብዬ ነው። አፈርኩ።

ጁኖ የሆሪ ትሁን፣ ከነኮርቻዋ። ለልጆቹ እርስዎ ይንገሩልኝ። እኔ ብጽፈው ያንስብኛል፤ እርስዎ ግን ያሳምሩታል፣ ሲያሳምሩት ኖረዋልና።

ኢሶቤል እጅ ትነሣለች።

ከዝበርት


ሙላጊን
ኦክቶበር 29 ቀን 1911

ይድረስ ለከዝበርት። አባትህን ነፍስ ይማር። ከእኔ አንድ ዓመት ብቻ ነበር የሚበልጠው፤ ወደዚህ አገር ስንመጣ መርከቡ ጋ የሸኘን እሱ ነበር፤ ባርኔጣውን እያወዛወዘ ውሃ ውስጥ ጣለው። ለአንተና ለኢሶቤል ትዳራችሁ የሰመረ፣ ቤታችሁ ልጅ የሚሮጥበት ይሁን። ይህን ከልቤ ነው የምልህ። ሌላውንም ከልቤ ስለምጽፍልህ ታግሠህ አንብብ።

ደብዳቤህ ጎብኚው ሊመጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ደረሰኝ። ቅዳሜ እንደ ልማዴ ይዤው መጋዘኑ ገባሁ። ልጆቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ጠበቁኝ። በመንገድ ላይ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ጋሼ ከዝበርት አባቱ ስለሞተበት ትንሽ ይቆያል ልል። ወረቀቱን ዘረጋሁ። ዓይኔ «አልመለስም» የሚለው ላይ ዐረፈ፣ አፌም ያንኑ አነበበ። ከዚያ ማቆም አቃተኝና እስከ መጨረሻው፣ ስለ እኔ የጻፍከውንም ሳላስቀር አነበብኩት።

ሆሪ ነው መጀመሪያ የተናገረው።

«እትዬ ኦገስታ፣ እናውቅ ነበር።»

አለመምጣቱን ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«እሱን እንኳ አላወቅንም። ደብዳቤውን ከራስዎ እየጨመሩ እንደሚያነቡት ነው ያወቅነው። ጋሼ ከዝበርት የከርሏችሁ ለቅሶ ይሰማኛል ብሎ አይጽፍማ። ስንሸኘው የኛን ወፍ ‹ይሄ የውሸት ነው፣ እውነተኛውን ስመለስ እኔው አስተምራችኋለሁ› ብሎን ነበር። ሃርሞኒየሙን እንቢ ያልነው ለሱ ነው። እሱ እንዲያስተምረን ብለን።»

ግትር ያልኳቸው ልጆች እኮ ናቸው። አንድ ዓመት ሙሉ ሥራህን ሳይነኩ አስቀምጠውልህ ነበር።

ታዲያ ካወቃችሁ ለምን ዝም አላችሁኝ፣ ለምን አሞኛችሁኝ አልኳቸው። ተቆጥቼ ነበር፤ ዕንባዬም መጥቶ ነበር። የመለሰልኝ ክሌም ነው፤ እሱ ነገር መደበቅ አያውቅበትም።

«ሲያነቡልን ደስ ይልዎት ነበራ።»

ከዚያ ቀን በኋላ እነዚህን ልጆች የማይበት ዓይን ተለወጠ። እኔ ሳባብላቸው የኖርኩ መስሎኝ ሲያባብሉኝ የኖሩት እነሱ ናቸው።

ጎብኚው ሐሙስ ደረሰ። ጢማቸው እንደ መጥረጊያ የተንጨባረረ፣ ከሠረገላ ለመውረድ ሁለት ሰው የሚደግፋቸው ደግ ሽማግሌ ናቸው። ልጆቹ ተሰልፈው ቋጠሮአቸውን፣ እሳት አያያዛቸውን፣ የተሰበረ እጅ አስተሳሰራቸውን አሳዩ። ለቅሷቸውንም አሰሙ፤ ሽማግሌው ደንግጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ወይዘሮ ፓስኮ ግን በኩራት ቀና አለች። በመጨረሻ መሪያችሁ የታል ሲሉ ሆሪ ወደ እኔ ጠቆመ። ሰውየው ደንቡ ለሴት ቦታ እንደሌለው በትሕትና ነገሩኝ። ሆሪ ተቃወመ፤ እሳቱ ላይ አብረውን የነበሩት ማን ሆኑና አለ። እሳቸውም ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍር የወንድ ስም ብቻ ካገኘን ሌላውን ዓይናቸው እንዳላየ እንደሚያልፉት ነገሩን። ወይዘሮ ፓስኮ ባሏን ካንቀላፋበት ወንበር ቀስቅሳ ፈረም አለችው። ምን እንደፈረመ እስከ ዛሬ አልጠየቀም። የሙላጊን የስካውት መሪ እንግዲህ አቶ ፓስኮ ናቸው። ሽማግሌው ሲሰናበቱኝ ግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ስካውት ስካውትን የሚጨብጠው በግራ ነው። እኔ ተሳስቼ ቀኜን ሰጠኋቸው፤ ታግሠው ጠበቁኝ።

ስለዚህ ቡድኑ አልፈረሰም። ጁኖንም ለሆሪ ሰጠሁት፤ ሲቀበለኝ ፊቱን አዙሮ ነው። ስለ ልጆቹ ስል ና ብዬ የምጽፍልህ ምክንያት አልቋል፣ እኔም ቤቴ ገብቼ ስቀመጥ የገባኝ ይህ ነው።

ይህን ወረቀት ልጆቹ ሰላም ይሉሃል ብዬ ልዘጋው ነበር። አላሉህም። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ላም አለባቸው፣ ማሳ አለባቸው፣ ያድጋሉም። መቼ ይመጣል ብለው መጠየቅ ካቆሙ ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በየደብዳቤው መጨረሻ ስጠይቅህ የኖርኩት እኔ ነኝ፣ ከዝበርት።

ኦገስታ